ሦስት ሚሊሜትር

አባቴ ሥራዬን ለሰው ሲያስረዳ ነገር አያበዛም። «ልጄ ጭስ ትቆጥራለች» ይላል። ሰው ይስቃል፤ እሱም አብሮ ይስቃል። ላስተካክለው ብዙ ጊዜ ሞክሬ ትቼዋለሁ፤ ጠጋ ብለው ካዩት ከእውነቱም አልራቀም።

የምቆጥረው ጥላሸት ነው። እሳት ሲነድ ነበልባሉ ውስጥ ለዓይን የማይታዩ የጥላሸት ቅንጣቶች ይወለዳሉ። ገና ከመወለዳቸው እርስ በርስ ይጋጫሉ፣ ይጣበቃሉ፣ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ያድጋሉ። ገሚሶቹ እዚያው ተቃጥለው ይጠፋሉ፤ የተረፉት ጭስ ሆነው ይወጣሉ። ትልልቆቹ ግድግዳ ያጠቁራሉ፣ ትንንሾቹ ሳንባ ውስጥ ገብተው ይቀራሉ። ስለዚህ ስንቱ ትንሽ ስንቱ ትልቅ እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ ሰው አለ፤ ያን በኮምፒዩተር የማሰላው እኔ ነኝ። ፕሮግራሜ ውስጥ ከትንሽ ወደ ትልቅ የተደረደሩ ስልሳ ሳጥኖች አሉ እንበል። ሁለት ቅንጣቶች በተጋጩ ቁጥር ከትንንሾቹ ሳጥኖች ሁለት ይቀነሳል፣ ከፍ ያለው ላይ አንድ ይደመራል። ውጤቱ ኮረብታ የሚመስል ኩርባ ሆኖ ስክሪኑ ላይ ይወጣል። ይኸው ነው።

ቢሮዬ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። መስኮቱ የመኪና ማቆሚያውንና ከማቆሚያው ዳር ያለችውን አንዲት አግዳሚ ወንበር ያያል። ያኔ ወንበሯ ላይ ሰው ተቀምጦ አይቼ አላውቅም ነበር። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሌሎቹ ተጠራርተው ይወርዳሉ፤ እኔ የምሳ ዕቃዬን ከፍቼ ስክሪኑ ላይ እንዳፈጠጥኩ እበላለሁ። ከማንም ጋር ተጣልቼ አልነበረም። መጀመሪያ ሰሞን ይጠሩኝ ነበር፣ ሥራ ይዣለሁ አልኳቸው፣ እነሱም ተዉት። «እመት ስሌት» የሚል ስም አውጥተውልኝ እንደነበረ የሰማሁት ቆይቶ ነው። ብቸኛ ነበርኩ፤ ላሳምረው ብዬ ሌላ ቃል አልፈልግለትም።

ማታ ቤት ስገባ አባቴ ይጠብቀኛል። ዕድሜውን በሙሉ ምድጃ ሲጠግን ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። እናቴ ከሞተች ወዲህ ሁለታችን ብቻ ነን። በሩን ስከፍት «ዛሬ ስንት ቆጠርሽ?» ይለኛል። «አላለቀም» እለዋለሁ። እንደ እግዜር ሰላምታ በየቀኑ እንባባለዋለን።

ከሕንፃው ሥር፣ ምድር ቤት ውስጥ፣ የልኬት ክፍል ነበር። እዚያ እውነተኛ እሳት ይነድዳል፤ ከእሳቱ ውስጥም በቱቦ ጥላሸት እየተሳበ መጠኑ ይለካል። ዓርብ ዓርብ ከዚያ ክፍል ኢሜይል ይመጣልኛል፤ ቀኑ፣ የነበልባሉ ቁጥር፣ ቁመቱ፣ ከዚያ ሁለት ረድፍ አኃዝ። ሰላምታ የለውም። እኔም «ደርሷል» ብዬ እመልሳለሁ። የሚልከው ሰው ሥራ ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር፤ አንድ ቀን አይቼው አላውቅም።

ስሌቴና ልኬቱ አይገጥሙም ነበር። እሱ ከማንደጃው አሥር ሚሊሜትር ከፍ ብሎ የለካቸውን ቅንጣቶች፣ የእኔ ስሌት ገና ሰባት ሚሊሜትር ላይ ያገኛቸዋል። በሙያችን ለዚህ የታወቀ መላ አለው። ኩርባውን ሦስት ሚሊሜትር መግፋት ነው። ፕሮግራሙ ውስጥ አንድ መስመር ትጽፋለህ፣ ኩርባው ይንሸራተትና ነጥቦቹ ላይ ሄዶ ይቀመጣል። ሁሉም ያደርገዋል፤ አስተማሪዬም ያደርገው ነበር። ዓመታዊ ሪፖርቱ ላይ ደግሞ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፤ «በልኬቱ ቁመት ላይ የታየው የሦስት ሚሊሜትር ስህተት ተስተካክሏል» የምትል። እኔ አልጻፍኳትም። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ሪፖርት ውስጥ አግኝቼ በየዓመቱ እገለብጣታለሁ።

በአምስተኛው ዓመቴ፣ አንድ ማክሰኞ፣ አፌ ሙሉ ምግብ እንደያዝኩ በሩ ተንኳኳ። ግራጫ ጋወን የለበሰ፣ የብረት ማስመሪያ የያዘ፣ ጠቋሚ ጣቱ እስከ ጥፍሩ የጠቆረ ሰው ገባ።

«ይቅርታ» አለ፤ «ዕቃ ጠፍቶብኝ ነው። እዚህ ነው ያለው አሉኝ።»

«ምን ዕቃ?»

«ሦስት ሚሊሜትር።»

ቶሎ አልሳቅሁም፤ ሁልጊዜም ዘግይቶ ነው የሚገባኝ። ማስመሪያውን የኮምፒዩተሬ ቁልፎች ላይ በእርጋታ አስቀመጠልኝና የምድር ቤቱ ሰው መሆኑን ነገረኝ። ያለፈውን ዓመት ሪፖርት ያነበበው ገና ያን ዕለት ነው። ቁመቱን በየጠዋቱ፣ እሳቱን ከመለኮሱ በፊት፣ ሦስት ጊዜ እንደሚለካ አስረዳኝ። ቀልዱን ሳያቋርጥ ነው የሚያወራው፣ «ስህተት» የምትለው ቃል ላይ ሲደርስ ግን ድምፁ ዝቅ ይል ነበር።

ልምድ እንደሆነ ነገርኩት። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሠራው አልኩ።

«እንግዲያው አንድ ቀን ይምጡና ልምዱን ከእሳቱ ጋር ያስተዋውቁልኝ» አለ።

በማግሥቱ ወረድኩ። አምስት ዓመት ያህል ያሰላሁትን እሳት በዓይኔ ያየሁት ያን ቀን ነው። የሳንቲም ስፋት ያላት፣ ዝም ያለች እሳት ናት። ከታች ቀጭን ሰማያዊ፣ ከላይ ወደ ብርቱካንማ የሚያደላ ቢጫ። ከበላይዋ፣ ውስጡ ቀዝቃዛ ውሃ የሚዘዋወርበት እንደ ክዳን ያለ ዝርግ ብረት ተሰቅሏል፤ መካከሉን አንዲት ቱቦ ታልፋለች፤ ጥላሸቱን የምትስበው ቱቦዋ ላይ ያለች ከመርፌ ቀዳዳ የምታንስ ቀዳዳ ናት። እጀታ አዙሮ ክዳኑን ዝቅ አደረገው። ቀጥ ብላ የቆመችው እሳት ከሥሩ ተዘርግታ ወደ ጎን ወደ ጎን ሸሸች።

«አየሽ?» አለና ደነገጠ። «ይቅርታ፤ አዩ?»

«አየሽ በለኝ፤ ግድ የለም» አልኩ።

«ክዳኑ እላይዋ እንዳለ ታውቃለች። አንቺ የምታሰዪያት እሳት ግን አጠገቧ ማንም የለም።»

ምን ብዬ እንደመለስኩ አላስታውስም። የማስታውሰው ዓረፍተ ነገሯን ከዘንድሮው ሪፖርት አወጣታለሁ ብዬ ቃል መግባቴን ነው። እሱም «አላስቸግርሽም፤ ግን ደስ ይለኛል» አለ።

ከዚያ በኋላ ምሳዬን ይዤ መውረድ ጀመርኩ። ሥራው አንድ ጠባይ አለው። ጥላሸቱ ቀዳዳዋን ስለሚደፍናት በየሁለት ደቂቃው የጠረጴዛ ሰዓቱ ይጮሃል፤ እሱ ያለውን ሁሉ ጥሎ ይነሳና ቀዳዳዋን በቀጭን ሽቦ ይጠርጋል። ከዚያ ተመልሶ ወሬውን ካቆመበት ይቀጥላል። እኔና እሱ ያወራነው ሁሉ በሁለት በሁለት ደቂቃ የተቆራረጠ ነው። ስለ ልብስ ሰፊዋ እናቱ፣ በአውቶቡስ ግማሽ ቀን ስለሚያስኬደው ስለተወለደበት ከተማ፣ በልጅነቱ መብራት ሲጠፋ ሻማ ላይ ማንኪያ እየያዘ ሲያጠቁር ስለበላው ቁንጥጫ፣ ሁሉንም የሰማሁት በየመሃሉ ደወል እየገባበት ነው። ፎቅ ላይ ያሉት «ባለቱቦው» ይሉት ነበር፤ የሚያውቀው አይመስለኝም።

ሽቦው የጊታር ክር ነበር፤ ከሁሉም ቀጭኑ።

«ጊታር ትጫወታለህ?» አልኩት።

«እጠርግበታለሁ» አለኝ።

አንድ ቀን ደግሞ ሁለት ቅንጣቶች ሲጋጩ ምን እንደማደርጋቸው ጠየቀኝ። በስሌቴ ውስጥ የተጋጩት ሁሉ ይጣበቃሉ፤ ለማቅለል ሲባል ነጥሮ የሚመለስ የለም ብዬ አስረዳሁት። ሹካውን አስቀምጦ ለረጅም ጊዜ አየኝ።

«አንዱም ሳይመለስ?»

«አንዱም።»

«ደስ የሚል አገር ነው ያለሽ» አለ። ሰዓቱ ጮኸና ተነሳ። ጀርባውን ሲሰጠኝ ፊቴ ግሎ ነበር።

ሌላ ቀን ጉንጬ ላይ ጥላሸት ይዤ ስብሰባ ገብቼ ወጣሁ። ነገሩን ያወቅሁት መጸዳጃ ቤት መስተዋት ፊት ስቆም ነው። ወርጄ ለምን እንዳልነገረኝ ስጠይቀው ዓይኑን ከእሳቱ ሳያነሳ «ያምርብሽ ነበር» አለኝ። ማታ አባቴ ስንት እንደቆጠርኩ ሲጠይቀኝ «ዛሬ አልቆጠርኩም» አልኩት። አባቴ መነጽሩን ከፍ አድርጎ አየኝና ሻይ ቀዳልኝ።

አንድ ሐሙስ፣ ምሳችንን ጨርሰን ተቀምጠን ሳለ፣ ጣቱን በጨርቅ እየጠረገ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ አስቤ ነበር» አለ። ሰዓቱ ጮኸ። ተነሳ፣ ቀዳዳዋን ጠረገ፣ ተመለሰ። ሊቀመጥ ሲል የእኔ ስልክ ጠራ። ኃላፊያችን ነበሩ፤ ሪፖርቱ ነገ ጠዋት ጠረጴዛቸው ላይ እንዲደርስ ፈልገዋል፤ የቡድን መሪውንም ከዚህ ሪፖርት ተነስተው እንደሚመርጡ ነገሩኝ።

«ቆይ፣ መጣሁ» አልኩት። ያን ቀን አልተመለስኩም።

ሪፖርቱ ውስጥ ያቺ ዓረፍተ ነገር ጋ ደረስኩ። ረስቻት ነበር ብል እንዴት ደስ ባለኝ፤ አልረሳኋትም። እሷን ለማውጣት ኩርባውን መግፋት መተው አለብኝ፤ እሱን ከተውኩ ኩርባው አይገጥምም፤ እንዲገጥም ደግሞ ክዳኑን ከነቅዝቃዜው ስሌቱ ውስጥ ማስገባት ነው፤ ይህ የወራት ሥራ ነው። ነገ ጠዋት የሚፈለገው የገጠመ ኩርባ ነበር። ዓረፍተ ነገሯን አየኋት፣ አየኋት። ልምድ ነው አልኩና አለፍኳት።

ኃላፊያችን የአስተዳደር ሰው እንጂ የሙያው ሰው አይደሉም። እኛ እንደ ኮማና ነጥብ የምናልፋትን ዓረፍተ ነገር እሳቸው እንደተጻፈችው አነበቧት። በሳምንቱ ጠርተው እንኳን ደስ ያለሽ አሉኝ፤ የቡድን መሪ ሆኜ ነበር። እጄን እንደያዙ የልኬት ክፍሉ ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ እንደሚዘጋ ነገሩኝ።

«ከአሥር ሦስት ለሚሳሳት ልኬት ክፍል አንይዝም» አሉ። «ደግሞ አንቺ በስሌት ታርሚው የለ እንዴ።»

ያኔ ነበር መናገር የነበረብኝ። ስህተቱ የልኬቱ አይደለም፣ የስሌቴ ነው፤ ከአምስት ቃል አይበልጥም። እኔ ግን «እሺ» ብዬ ወጣሁ፤ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ እሺ ያልኩት ምኑን እንደሆነ ራሴን ጠየቅሁ።

ሦስት ቀን ሳልወርድ ቀረሁ። በአራተኛው ስወርድ እሳቷ ጠፍታ ነበር። ክዳኑን በጨርቅ እየጠቀለለ ነው። ሪፖርቱ ጠረጴዛው ላይ ገጹ እንደተከፈተ ተቀምጧል።

«ልምድ ነው እንዳትዪኝ ብቻ» አለ።

«ፈርቼ ነው።»

«ምኑን?»

«እንዳይገጥም።»

ክዳኑን ሣጥን ውስጥ ከተተው። ከዚያ ሲናገር ድምፁ ውስጥ ቁጣ ፈልጌ አጣሁ፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ባይገጥም እኔ ምን ቸገረኝ። የማያውቁት ቢጽፉት እስቃለሁ። አንቺ ግን እዚህ ቆመሽ እሳቷን አይተሻታል።»

ድንገት ሰዓቱ ጮኸ፤ ማጥፋቱን ረስቶት ነበር። እጁ ከልማዱ ሽቦውን አነሳ፤ የሚጠረግ ቀዳዳ እንደሌለ ትዝ ሲለው ሽቦውን ጣቱ ላይ መጠምጠም ጀመረ።

«ያን ሐሙስ ልትጠይቀኝ የነበረው ምንድን ነው?» አልኩት።

«አሁን አይጠየቅም» አለ። ሽቦውን ኪሱ ከተተ፣ ሣጥኑን አነሳ፤ በሩን ስከፍትለት «አመሰግናለሁ» ብሎኝ ወጣ። እናቱ ወዳለችበት ከተማ መሄዱን ከጸሐፊዋ ሰማሁ።

አባቴ በዚያ ሳምንት አንድ ቀን እንደ ልማዱ ስንት እንደቆጠርኩ ጠይቆ፣ መልስ ሲያጣ፣ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ሁሉንም ነገርኩት። ሲሰማ ቆየና ራሱን ነቀነቀ።

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የጽሑፍ ደግሞ ይብሳል» አለ። «ቢሆንም ደውዪለት። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ።»

በየትኛው ፊቴ ነው የምደውለው አልኩት። መጀመሪያ ኩርባውን አስተካክዬ፣ በእጄ ይዤው ነው የምሄደው። ባዶ እጄን ይቅርታ ብለው ምን ዋጋ አለው?

«ይቅርታ እኮ በአፍ ነው የሚጠየቀው ልጄ፤ በሥዕል አይደለም» አለ አባቴ። «ሰውየው እንደ ኩርባሽ ያስቀመጥሽው ቦታ ቆሞ አይጠብቅሽም።»

አልሰማሁትም። የእኔ ነገር እንደዚህ ነው፤ ያልተረጋገጠ ነገር ይዤ ሰው ፊት መቆም አልችልም። ስልኩ እጄ ላይ ነበር፣ ቁጥሩም ነበረኝ። ስሌቱ አንድ ወር ቢፈጅ ነው ብዬ ጀመርኩ።

አሥራ አንድ ወር ፈጀ። ለቡድኑ የሚገባውን ሥራ ከሠራሁ በኋላ በተረፈኝ ሰዓት ክዳኑን ስሌቱ ውስጥ አስገባው ነበር። ክዳኑ ሲገባ እሳቷ ትጠፋብኛለች። እሳቷ ስትድን ሳጥኖቹ ከዜሮ በታች ይወርዳሉ፤ የሌለ ጥላሸት፣ ከሌለም ያነሰ ጥላሸት ይወጣልኛል። ይህን ለአባቴ ስነግረው ይህንንስ በመንግሥት ደመወዝ ነው የምትቆጥሪው ብሎ ሳቀብኝ። ግን ከልብ ያዝን ነበር መሰለኝ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወጥ ቤት ጠራኝ። ምድጃውን ለኩሶ ቀዝቃዛ ውሃ የሞላበት ድስት ጣደበት።

«እይ» አለ። «ቀዝቃዛ ድስት ሲጣድበት እሳት ከሥሩ ይሸሻል። ሲሸሽ ታቹ ድረስ ይበርዳል። አንቺ ከላይ ብቻ ነው ያበረድሽው አይደል?»

ልክ ነበር። ቅዝቃዜውን ክዳኑ ጫፍ ላይ ብቻ አስሬው እስከ ታች እንዳይወርድ ያገድኩት እኔው ነኝ። አርባ ዓመት ምድጃ የጠገነ ሰው በአንድ ድስት አሳየኝ።

ከዚያ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ስሌቱ ሳይሰበር እስከ መጨረሻው ሄደ። ኩርባውን አወጣሁት። የእሱን የድሮ ኢሜይሎች ከፍቼ አኃዞቹን አንድ በአንድ ላዩ ላይ አስቀመጥኩ፤ ምንም ሳልገፋ፣ አሥሩን አሥር ላይ። ነጥቦቹ መስመሩ ላይ ተቀመጡ። አንዱም አልወጣም። ሦስት ሚሊሜትር የሚባል ነገር አልነበረም። እሳቷ አጠገብ ማንም እንደሌለ አድርጌ ስላሰላሁ ብቻ የመጣ ነገር ነበር። ቢሮዬን ከውስጥ ቆልፌ አለቀስኩ።

ኃላፊያችን ዘንድ ሄጄ ማረሚያውን በገዛ ስሜ ሰጠኋቸው። በሚቀጥለው ሪፖርት ግርጌ ላይ እናስገባዋለን አሉኝ። አይሆንም፣ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ሆኖ በልኬት ክፍሉ ሰው የግል ማኅደር ውስጥ ይገባል አልኩ። በጣም ተገረሙ፤ ስድስት ዓመት ያህል አብሬያቸው ሠርቼ እንዲህ ስናገር ሲሰሙኝ መጀመሪያቸው ነበር። ደብዳቤው ገባ። የቡድን መሪነቱ በዓመቱ ለሌላ ሰው ተሰጠ፤ እሱ አልቆጨኝም። ምድር ቤት ወርጄ ሳይ ክፍሉ እግራቸው በተሰበረ ወንበሮች ተሞልቷል።

ኩርባውን አትሜ፣ የማረሚያውን ቅጂ አያይዤ፣ ለእሱ ደብዳቤ ጻፍኩ። ዘጠኝ ጊዜ ቀድጄ የጻፍኩት ሦስት መስመር ነበር። «ነጥቦችህን አላንቀሳቀስኳቸውም። ስህተቱ የእኔ ነበር፤ ያኔም አውቀው ነበር፤ ይቅር በለኝ። ናፍቀኸኛል።»

አሥራ ዘጠኝ ቀን ጠበቅሁ። አባቴ ምክንያት እየፈለገ የደጁን ፖስታ ሣጥን ይከፍት ነበር። በሃያኛው ቀን ከሥራ ስመለስ በሩ ላይ ቆሞ ፖስታውን ሰጠኝና ወደ ውስጥ ገባ።

ፖስታውን ስከፍት መጀመሪያ የወደቀው የጊታር ክሩ ነው። እንደ ቀለበት ተጠምጥሟል። ደብዳቤው በእርሳስ የተጻፈ ነበር፤

«ደብዳቤሽ ደርሷል። ሥዕሉን እናቴ አይታ ይሄ ኮረብታ የየት አገር ነው አለችኝ። የእኔ አገር ነው አልኳት። ብዙ ጊዜ አየሁት። ነጥቦቼ የተቀመጡበት ቦታ ለእኔ ምን ማለት እንደሆነ አንቺ ብቻ ነሽ የምታውቂው፤ አመሰግናለሁ። ቂም አልያዝኩብሽም፤ መጀመሪያ ሰሞን ይዤ ነበር፣ ከዚያ የቀረው መጠበቅ ብቻ ነበር። ስልክ ትደውያለሽ ብዬ ብዙ ጠበቅሁ። አሁን የመስታወት ፋብሪካ እቶን ላይ ነኝ፤ ትልቅ እሳት ነው፣ ቱቦ አያስገባም።

«ከሁለት ወር በፊት ቀለበት አሰርኩ። ጥሩ ሰው ናት። ይህን ከእኔ ብትሰሚው ይሻላል ብዬ ነው።

«ያን ሐሙስ ምን ልጠይቅሽ እንደነበር ጠይቀሽኝ ነበር። ትልቅ ነገር አልነበረም። አንድ ቀን ምሳችንን ውጭ፣ ፀሐይ ላይ እንብላ ልልሽ ነበር። መኪና ማቆሚያው ዳር አንዲት አግዳሚ ወንበር አለች። እዚያ ደወል የለም።»

ደጃፉ ላይ ቆሜ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስገባ አባቴ ስንት እንደቆጠርኩ አልጠየቀኝም። እራት አቀረበልኝ፣ በላሁ፤ እሱም በላ። ሳህኑን ሲያነሳ እጁን ትከሻዬ ላይ ጥቂት አሳረፈው።

አሁን ስሌቱ በሙሉ ከነክዳኑ ነው የሚሠራው። አዲስ የሚቀጠሩ ልጆች ለምን እንዲህ እንዳከበድኩት ይጠይቁኛል፤ ሌላው ሁሉ ሦስት ሚሊሜትር ገፍቶ ይገላገል የለም ወይ ይሉኛል። እኔ ምክንያቱን በሙያው ቋንቋ አስረዳቸዋለሁ፤ ሌላውን አልነግራቸውም።

ምሳ ሰዓት ሲደርስ ዕቃዬን ይዤ እወርዳለሁ። ፀሐይ ካለ ፀሐዩ ላይ፣ ከሌለም ኮቴን ደርቤ። የጊታር ክሩ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። አግዳሚዋ ለሁለት ሰው ትበቃለች፤ እኔ ዳሯ ላይ እቀመጣለሁ።